ድንጋዩ ደኅና ነበር

ባለቤቴ ሁለት ሚስት አለው፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛዋ ባትሪው ናት። ይህን ስናገር ጎረቤት ይስቃል፤ እሱም ድሮ ይስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ቀድሞ ያገባው እሷን ነው። ተጋብተን ደባርቅ ወደነበረችው የኪራይ ቤቱ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ፣ ባለ ሦስት ድንጋይ፣ ከአንገቷ ሰፋ ከወገቧ ሸንቀጥ ያለች የብረት ባትሪ ትራስጌው ላይ ተጋድማ ጠበቀችኝ። «ይቺ ማን ናት?» አልሁት። «የቤቱ እመቤት ናት፤ ተዋወቂያት» አለኝ። ኤዲያ! ሙሽራን እንዲህ ብሎ የሚቀበል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ባትሪ ልጽፍ የተነሣሁ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ስለ ዓይኑ ነው። የባለቤቴ ዓይን ቀስ በቀስ እየጨለመ ሳለ እኛ ድንጋይ ስንቀይር፣ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ስናሰጣ፣ ድንጋይ ስንረግም ከረምን። አሁንም ትዝ ሲለኝ እበግናለሁ። በማን ላይ እንደምበግን ግን አላውቀውም።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ባትሪ የምንለው በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው። ሆዷ ውስጥ የሚገባውን ክብ ነገር ደግሞ ድንጋይ እንለዋለን። ባትሪ ድንጋይ ትበላለች፤ ድንጋይ ይደክማል፤ ድንጋይ ይሞታል። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ያኔ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ይህን የማያደርግ ቤት ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለ አይመስለኝም። በአጥሩ ካብ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተሰጥቶ የሚያይ የሌላ አገር ሰው ምን ይል እንደሁ እንጃ።

ባለቤቴ የከብት ሐኪም ነው። ከአምባራስ ተወልዶ፣ ደባርቅ ተምሮ፣ በዚያው አካባቢ ገደል ለገደል ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ሥራው በየገበሬው በረት ውስጥ ነው፤ በረት ደግሞ በቀንም ጨለማ ነው። ስለዚህ ባትሪዋ ጌጥ አልነበረችም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጉሮሮውን የሚያየው በእሷ ነው። የበጓን የዓይን ቆብ ገልብጦ ደም ማነሷን የሚለየው በእሷ ነው። አንገቷ ሲጠመዘዝ ብርሃኗ ይሰበሰብና የቡና ሲኒ አፍ ያህል ክብ ይሆናል፤ መልሰው ሲፈቷት ይሰፋል። ከኋላዋ ክዳን ውስጥ ደግሞ ትርፍ አምፖል በጥጥ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ ፈትቶ እየገጣጠመ ያሳየኝ በሠርጋችን ሳምንት ነው። ሌላው ባል የልጅነት ፎቶውን ያሳያል።

እኔም ብሆን ውዬ አድሬ ወደድኋት። ምን ላድርግ? ደባርቅ መብራት ይሄዳል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ገና በአሥር ሰዓት ቤቱ ይጨልማል። እንቁላል ከመስተዋቷ ላይ አስቀምጬ ሳበራ ጫጩት ያለውንና የሌለውን እለያለሁ። ጎታ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ነቀዝ እፈልጋለሁ። አልጋ ሥር የገባውን የጋብቻ ቀለበቴን ያገኘሁት በእሷ ነው። ጅብ ከአጥሩ ሥር ሲመጣ በብርሃኗ ብቻ ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርትም በቂጧ እወቅጥ ነበር፤ ይህን ባለቤቴ የደረሰበት ዕለት «አንቺ ሴት፣ ሥራ የምሠራባትን!» ብሎ ጮኸ። ስንት በሬ አፍ ውስጥ ገብታ እንደወጣች ያኔ ነው ያሰብሁት። ወጡን ከነድስቱ ለውሻ ሰጠሁት።

ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ስልኩም ያበራል። ያ ደግሞ መብራት ነው? ገርጣ ያለ፣ ከእግር በላይ የማያሳይ፣ ጠብታ ሲነካው የሚሞት ነገር። የእኛዋ ከበቅሎ ላይ ወድቃ፣ ጭቃ ውስጥ አድራ፣ በማግስቱ ጠረግ ሲያደርጓት ታበራለች። እኔ ዳባት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ከተዛወረ ወዲህ የምንኖረውም እዚያው ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪዋን ይዤ ክፍል ብገባ፣ አንዱ «ቲቸር፣ ይኸ ነገር ሙዚየም አይገባም?» አለኝ። «መጀመሪያ አንተን ያስገባህ!» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

የዓይኑ ነገር መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ሲጀምር ድምፅ የለውም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከሥራ ይመለስና ደጃፍ ላይ ያለውን ባልዲ ይረግጣል። ባልዲውን ማን እዚህ አስቀመጠው ብሎ ይቆጣል። ባልዲው እኮ እዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ ቦታው ያው ነው። አንድ ቀን በርጩማው ላይ ዶሮ ተኝታ ሳለ ሊቀመጥባት ሲል ጮኻ በረረች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ባትሪዋን አንሥቶ አራገፋት፤ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። «ድንጋዩ ደክሟል» አለ።

በማግስቱ ድንጋዮቹን ካቡ ላይ አሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ገዛ። አዲሱም ደከመ። «አዲስ ድንጋይ እንዴት ነው የሚደክም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የዘንድሮ ድንጋይ ውሸት ነው! ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አመድ!» አለኝ። ይህች መሐላ ከአፉ አትጠፋም ነበር። ሁላችንም እንምላታለን። አላየሁም ስንል፣ አልነካሁም ስንል፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው እንላለን። ቃሉን ልብ ብሎ የሚሰማው ማን ነው? ግንባር እኮ አያይም።

ከዚያ ሰው ይቀየመው ጀመር። እኛ ዘንድ ሰላምታ ቀልድ አይደለም፤ ሰውን ሳይሳለሙ ማለፍ ከስድብ ይቆጠራል። እሱ ግን በቀኙ የሚያልፈውን፣ በግራው የቆመውን እንደሌለ ሁሉ ትቶ ይሄዳል። የሠፈራችን ሴቶች «ሹመት አግኝቶ ነው መሰለኝ፣ ባልሽ ኮራብን» ይሉኛል። ይባስ ብሎ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ዘርግተውለት ሳይሳለም አለፋቸው። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸውና እሱን ምንም አላሉትም። እኔን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጠሩኝና «ልጄ፣ ባለቤትሽን ምን አስቀይመነው ነው? መስቀል ዘርግቼለት ጥሎኝ ሄደ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ቤት እንደገባሁ ጮኽሁበት። «ምን ሆነህ ነው? የሰው ፊት አታይም?»

«ማንን አለፍሁ ደግሞ?»

«አባን! መስቀላቸውን ዘርግተው!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አባን አላየኋቸውም!» አለ። እኔ ግን አላመንሁትም። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ብዬ ያን ዕለት ሳላናግረው አደርሁ። ለካ እውነቱን ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ ጓዳችን ውስጥ ነው፤ የገብስ ጆንያ ልናወጣ በገባንበት ከሰዓት በኋላ። ጓዳችን መስኮት የለውም። በዚያ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ደባርቅ ደርሶ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ መጥቶ ነበርና ላስቲኩን ቀዶ አስገባው። እንደገባን ነፋስ በሩን ገፍቶ ዘጋብን፤ እሱም ባትሪዋን አበራት። ጓዳው ቀን ሆነ። ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀው ጭቃ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የዘር በቆሎ፣ የሸረሪት ድሩ፣ የጆንያው ስፌት ሳይቀር ይታየኛል። እሱ ባትሪዋን አራገፋት። ቂጧን በመዳፉ መታት፤ ደግሞ አራገፋት።

«አየሽ?» አለኝ። «አሁን አየሽልኝ አይደል? ዛሬ ጠዋት የገዛሁት ነው። ይኸው፣ ሞቷል!»

የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ፣ ብርሃን ወለል ብሎ የበራበትን ግድግዳ በግራ እጁ እየዳሰሰ የበሩን መወርወሪያ ይፈልግ ነበር። ክው አልሁ። ብዙ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «አዎ፣ ደክሟል» የሚል ነው። በሩን ከፈትሁለትና ጆንያውን ብቻዬን ጎትቼ አወጣሁት።

በመጣው የገበያ ቀን እነዚያን አዲስ ድንጋዮች በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ደባርቅ ሄድሁ። እዚያ ባትሪና ድንጋይ የሚሸጡ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ መካ ደርሰው የመጡ ናቸውና ሐጂ ነው የምንላቸው። ባለቤቴ ባትሪዋን ገና በተማሪነቱ የገዛው ከእሳቸው ነው፤ ድንጋይም ከእሳቸው ሌላ ከማንም አይገዛም። ከቤተሰብ እስከ ከብት ተጠያየቅን፤ ሰላምታው ሲያልቅ ቋጠሮዬን ፈትቼ ድንጋዮቹን ባንኮኒው ላይ ደረደርኋቸው።

«ሐጂ፣ እስቲ ይኸን ይዩልኝ» አልሁ።

አልነኩትም። «ልጄ፣ ድንጋዩ ደኅና ነው» አሉኝ።

«ሳያዩት?»

«እሱ የሚመልስልኝ ድንጋይ ሁሉ ደኅና ነው። በሄደ ቁጥር እሞክረዋለሁ፤ አንድም የሞተ አላገኘሁበት።»

«ታዲያ ለምን ይቀይሩለታል? ለምንስ አልነገሩትም?» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ መንገደኛ ዞሮ አየኝ።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «ምን ብዬ ልንገረው? አንተ ሰው፣ የደከመው ዓይንህ ነው ልበለው? ሐኪም ሰው ነው። እንጀራው ዓይኑ ላይ ነው። ደኅናውን ተቀብዬ ደኅናውን እሰጠዋለሁ፤ እሱም መርቆኝ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ዱዓ አደርግለታለሁ። አሁን አንቺ ደርሰሽበታል፤ እንግዲህ ውሰጂውና አሳዪው።»

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ሐጂ ሻይ አስመጡልኝ፤ አልጠጣሁትም። ገዥ ሲመጣ «ቆይተህ ና፣ እንግዳ አለብኝ» እያሉ ይመልሱልኝ ነበር።

ዳባት ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ሆኖ ያሰጣቸውን አሮጌ ድንጋዮች ከካቡ ላይ በዳበሳ ይለቅማል። እንዴት አድርጌ ልጀምርለት እያልሁ መንገዱን ሙሉ ስሰናዳ መጥቼ፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ተወው፤ ድንጋዩ ደኅና ነው» አልሁት።

«ማን አለ?»

«ሐጂ አሉ። እኔም አልሁ። ጓዳው ያን ዕለት ቀን መስሎ ነበር።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ካቡ ላይ ተቀመጠ። «በጣም ያበራ ነበር?» አለኝ።

«በጣም።»

«የሸረሪት ድሩ ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር።»

«አይ!» አለ። በእጁ የያዘውን ድንጋይ እያገላበጠ እስኪጨልም ድረስ እዚያው ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ።

ሰው ሲሰማ መድኃኒቱ በዛ። ዳፍንት ነው፣ ጉበት ይብላ ተባለ። እናቱ ከአምባራስ በግ አስነድተው መጡ። ጉበቱን ራሳቸው ጠብሰው፣ እንፋሎቱ ዓይኑን እንዲሞቀው ፊቱን ከመጥበሻው ላይ ደፉት። ሳል እያነቀው «እምዬ፣ የሚጠበሰው በጉ ነው ወይስ እኔ?» ቢላቸው ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ሰሞን የሳቅነው ይህን ብቻ ነው። ጠበልም ተወሰደ፤ ካሮትም በላ። እኔ ሁሉንም አደረግሁ። ተስፋ የሚሰጠኝ ሰው ካገኘሁ ጠጠር አብስይለት ቢለኝም የማበስል ነበርሁ።

በመጨረሻ በሚኒባስ ጎንደር ወረድን። ኮሶዬ አፋፍ ላይ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ገደሉ ዞረ። እሱን በመስኮት በኩል አስቀምጨው ነበር። «ምን ይታይሃል?» አልሁት። «ሰማይ» አለኝ። አገሩ እንዳለ ከሥሩ ተዘርግቶ ሳለ፣ ያን ለማየት አገጩን ደረቱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ይህንም ሳልነግረው አላደረገውም።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። ክፍሉን አጨልማ ዓይኑ ውስጥ በትንሽ ብርሃን እያበራች ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ጸጥ ብሎ፣ አንገቱን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ የስንቱን ከብት ዓይን ሲገልጥ የኖረ ሰው።

«ጋሼ» አለችው፣ «ከዓይንዎ ኋላ ያለው መጋረጃ እየሳሳ ነው። መጀመሪያ የማታውን እይታ ይወስዳል፤ ቀጥሎ ዳር ዳሩን። አሁን የቀረዎት መሀሉ ነው።»

«መድኃኒቱስ?» አልሁ እኔ። አንገቷን ነቀነቀች። «እዚህ ነው የሌለው ወይስ የትም?» አልኋት፤ እንደመቆጣት ብዬ ነው። ልጅቱ ጨካኝ አይደለችም። «እኅቴ፣ የማድነው ቢሆን ደስታውን አልችለውም ነበር» አለችኝ።

«መሀሉስ ይቆያል?» አላት እሱ።

«ሊቆይ ይችላል። እስከ መቼ እንደሆነ ግን ልንገርዎ ብል እዋሽዎታለሁ።»

ከሆስፒታሉ ግቢ ስንወጣ ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ሆነ። «የባትሪዋን አንገት ስንጠመዝዘው ብርሃኗ ይሰበሰብ የለ? እኔንም እንዲሁ እየጠመዘዘኝ ነው» አለኝ። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እሱ ግን ክንዴን ይዞ ነበር የሚራመድ። ከዚያ በፊት በጎዳና ላይ ክንዴን ይዞ አያውቅም፤ ነውር ነው ይላል። ሰው ቢያየን ምን ግድ አለኝ?

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጡ። መስቀላቸውን ራሳቸው ከከንፈሩ አስነኩትና «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላወቅሁም» አሉት። እሱ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ፤ «ኧረ አባቴ፣ አንቱ ይፍቱኝ እንጂ!» እያለ ጉልበታቸውን ለመሳም አጎነበሰ፤ አቅጣጫውን ስቶ በርጩማውን አቀፈ። አባ ቀና አድርገው አቆሙት። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ያቺ መሐላ ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ጠፍታለች። ማንም አትማሉ ያለ የለም፤ በራሷ ጠፋች። ትምህርት ቤት ግን ልጆች ይምሏታል። ደብተር አልወሰድሁም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ሲል የሰማሁትን ልጅ «ዝም በል!» ብዬ ስጮኽበት ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ልጁ ምን በደልሁ ብሎ ደርቆ ቀረ።

ለጥቂት ጊዜ በቀን በቀን መሥራቱን ቀጠለ። ትምህርት በሌለ ቀን እኔም አብሬው እሄድ ነበር፤ ባትሪዋን የምይዝለት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከዳባት በላይ ካለ መንደር ላም አልወልድ ብላ ተጠራ። በረቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለን ገባን። ገበሬው ራሷን ይዟል፣ እኔ አበራለሁ። ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከና ዓይኑን ጨፈነ።

«አይታይህም? ላስጠጋልህ?» አልሁት በለሆሳስ።

«ተይው። ያው ነው» አለኝ።

ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ብዙ ታገለ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ጥጃዋ እግሯ ታጥፎ ኖሮ እየዳሰሰ አቃናው፤ ከዚያ ዱብ አለች። በሕይወት ነበረች። ገበሬው «እጅህን ይባርከው! እጅህን ይባርከው!» እያለ ዘለለ። ባለቤቴ እጁን በገለባ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ፤ ማለትም ወደ ባትሪዋ።

«ምን ዓይነት ናት?» አለኝ።

«ቀይ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አላት።»

«ቦቃው ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው። እስከ አፍንጫዋ ይወርዳል።»

«ታምራለቻ» አለ። ገበሬው ግራ ተጋብቶ እኛን ያየናል፤ ጥጃዋ ከባለቤቴ እግር ሥር ነበረች። ስንመለስ መንገድ ላይ «ከእንግዲህ አልሄድም። ዛሬ እጄ ደረሰልኝ፤ ነገ የሰው ላም እገድላለሁ» አለኝ። አልተከራከርሁትም። አሁን ቢሮ ተቀምጦ የክትባት ማቀዝቀዣ ይጠብቃል። ሰው በስልክ ሲጠይቀው ይመልሳል። ስንመጣ ስንሄድ ባትሪዋን ከትከሻው አያወርዳትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልሁ አሾፍበታለሁ፤ እንደ ድሮው ግን አይመልስልኝም።

ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ በቤታችን የሚያየውም የሚታየውም ሁለታችን ብቻ ነን። በዚህ ዓመት እናቱ መሀሉም ሳይዘጋ አምባራስን፣ ተራራውን ይይ ብለው ላኩብኝ። ደግ ነው ብዬ መኪናውን፣ በቅሎውን፣ ስንቁን አሰናዳሁ። ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብነግረው «የትም አልሄድም» አለ።

«ለምን? የተወለድህበት አገር አይደለም?»

«ተራራው የትም አይሄድብኝም። ድንጋዩን ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ይልቅ ነይ፣ በርጩማዋን ይዘሽ ደጅ ተቀመጪ።»

«ምን ልታደርገኝ?»

«ልመረምርሽ።»

ባትሪዋን አበራት፤ በጠራራ ፀሐይ። አንገቷን ጠመዘዘና ብርሃኗን ሰበሰበ። ትንፋሹ ጉንጬን እስኪነካኝ ድረስ ቀረበ። ግንባሬን አየ። ቅንድቤን አየ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። አፍንጫዬን፣ ከንፈሬን። የሚያየው በአንድ ጊዜ የአውራ ጣት ያህል ብቻ ነውና ጊዜ ይወስድበታል። «በሬ መሰልሁህ እንዴ?» አልሁት። «አትንቀሳቀሺ፤ በሬ ከአንቺ ይሻላል» አለኝ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይታን አማተበችና ሄደች።

ከጉንጬ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ ዳር ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ሻሼን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ሽበት አወጣሽ እንዴ?» አለኝ።

ጆሮ ግንዴ ጥጥ ከመሰለ ስንት ዓመት ሆነው። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «ሽበቷ» ይሉኛል። እሱ ግን በአንድ ማዕድ ከእኔ ጋር እየበላ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደረ፣ ጥቁር ጠጉር ካላት ሴት ጋር ሲኖር ከርሟል። እሷ መቼ እንደሄደች አልነገርሁትም፤ እኔም የሚያየኝ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወጣሽው?» አለኝ።

«ትናንት ነው» አልሁት። «ትናንት ማምሻውን።»

«እሰይ» አለ። «ደርሼበታለሁ እንግዲያ።» ከዚያ አገጬን ያዘና በሌላው ጆሮዬ በኩል ያለውን ለማየት ፊቴን ቀስ አድርጎ አዞረው።